ስንዴና ገብስ ለማይስማማው ልጅ
(በጅሬን ለገበሬዎችና ለልማት ሠራተኞች የተደረገ ንግግር)



ዛሬ የምነግራችሁ ስለ ቡና ችግኝ አይደለም፤ እህላችሁ ጎተራ ከገባ በኋላ ስለሚሆነው ነው።

በቤታችሁ ሆዱ የሚነፋ፣ ተቅማጥ የማይለቀው፣ እየበላ የሚከሳ ልጅ ቢኖር እናቱ ምን ታደርጋለች? ይበርታ ብላ የገብስ አጥሚት ታጠጣዋለች፤ በሶ ትበጠብጥለታለች። ነገር ግን ሕመሙ ሐኪሞች ሴልያክ የሚሉት ከሆነ የሚጎዳው ይኸው ገብሱና ስንዴው ነው። ዲክ የተባለ የሆላንድ አገር የሕፃናት ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1950 ባቀረበው ጽሑፍ ስንዴ ከምግባቸው ሲወጣ እነዚህ ሕፃናት እንደሚሻላቸው፣ ሲመለስም እንደሚታመሙ አስረዳ።

ተቅማጥ ሁሉ ግን ይህ አይደለም፤ የሆድ ትልና ቆሻሻ ውሃም ያመጡታል። ስለዚህ ልጁ አስቀድሞ በሐኪም ይታይ። ሳይመረመር ስንዴውን አትከልክሉት፤ መብላቱን ካቆመ የደም ምርመራው በሽታውን ሊስተው ይችላል።

በሽታው ከታወቀ በኋላ እኛ ከሆላንዶቹ ይልቅ ይቀለናል። ጤፍ፣ በቆሎ፣ ማሽላ፣ ቆጮ፣ ጎደሬ ይስማሙታል። አስቸጋሪው መደባለቁ ነው። ጤፉን በጠባብ ወንፊት ንፉት፤ ጤፍ ያልፋል፣ የስንዴና የገብስ ፍሬ ከላይ ይቀራል። ወፍጮው ከእናንተ በፊት ስንዴ ፈጭቶ እንደሆነ ጠይቁ፤ ከፈጨም መጀመሪያ የሚወጣውን ዱቄት ለሌላው ቤተ ሰብ ለዩት። ሽሮም እንደዚሁ ነው። አሮጌው እርሾ ገብስ የነካው ከሆነ ይደፋና በንጹሕ ዱቄት አዲስ ይጀመር። ወተት ለጊዜው ቢከብደው እርጎ ይቀለዋል።

ለአንድ ልጅ ለብቻው መጋገር ለእናቲቱ ድካም ነው፤ ልጁም ከመሶቡ ሲለይ ይከፋዋል። በእኔ አስተያየት የቤቱ እንጀራ በሙሉ ከጤፍና ከበቆሎ፣ ወይም ከጤፍና ከማሽላ ቢሆን ይሻላል። በጅማ አካባቢ ይህ እንግዳ ነገር አይደለም፤ ጤፍ ብቻ ከመጋገርም ወጪው ያነሰ ነው።

ሠርግ ወይም ለቅሶ ስትሄዱ የልጁን እንጀራ በአገልግል ያዙለት። ለጎረቤትም ምክንያቱን አስቀድማችሁ ንገሩ፤ አለዚያ «ትንሽ ቢቀምስ ምን ይሆናል» ብለው ያጎርሱታል።