ዱባ በኮረሪማ

ክረምቱ ወጥቶ ዱባ ደርሷል። ጅማ መርካቶ ስንወጣ ዱባው ተከምሮ፣ የጫካችን ኮረሪማ በክር ተሰክቶ እናገኛለን። ዱባውን ግን በወጥ ብቻ ስለምናውቀው ልጆች ይሰለቹታል። ይህ ጉዳት ነው። የዱባ ቢጫ ቀለም በሰውነት ውስጥ ወደ ቪታሚን ኤ ይለወጣል። ይህ ቪታሚን ያነሰው ልጅ ሲመሽ ማየት ይሳነዋል፤ ዳፍንት የምንለው ነው።

እንግዲህ ብስኩት እንጋግርላቸው። ዱባውን ቀቅላችሁ ላቁጡት፤ ውኃውን በንጹሕ ጨርቅ ጨምቁ። እዚህ ላይ አትቸኩሉ፤ ውኃ ከቀረ ውስጡ ሊጥ ይሆናል። 1 ኩባያ ዱባ፣ 2 ኩባያ የስንዴ ዱቄት፣ ግማሽ ኩባያ ማር፣ 3 ማንኪያ ቅቤ፣ 1 የሻይ ማንኪያ የተወቀጠ ኮረሪማ፣ ጨው ቆንጠር አድርጋችሁ አዋህዱ። ቅቤው ለጣዕም ብቻ አይደለም፤ ያ ቪታሚን ያለ ስብ ለሰውነት በደንብ አይደርስም። ሊጡን በትንሽ ጣት ውፍረት ጠፍጥፉና በለዘበ እሳት ምጣድ ላይ አድርጋችሁ አክንባሎ ክደኑበት። አንዴ ገልብጡት። መሐሉ ገና ለስላሳ ሳለ ይውጣ፤ ሲበርድ ይጠብቅና ሲያኝኩት ሳብ ሳብ ይላል። ከደረቀ ግን የሽማግሌ ጥርስ አይችለውም!

ማር ስላለበት ዓመት ላልሞላው ሕፃን አትስጡ። ዳፍንት የያዘው ልጅም በብስኩት አይድንምና ሳትዘገዩ ጤና ጣቢያ ውሰዱት።