አመዳይ እንዴት ይፈጠራል



በደብረ ብርሃንና በመንዝ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ባለው ጊዜ፣ ገበሬ ማታ ለምልሞ የተወውን ባቄላ በማግሥቱ ጠቁሮ የሚያገኝበት ሌሊት አለ። «አመዳይ ወረደበት» ይባላል። አነጋገሩ ያማረ ነው፤ ነገር ግን የተፈጥሮ ትምህርት የሚያስተምር መምህር «ወረደ» በሚለው ቃል ላይ ቆም ሊል ይገባዋል። አመዳይ እንደ በረዶ ከደመና አይወርድም፤ እዚያው ቅጠሉ ላይ ይበቅላል።

ሰማዩ በጠራና ነፋስ ጸጥ ባለበት ሌሊት፣ ሣሩ ቀን የተቀበለውን ሙቀት ወደ ጠፈር ይለቃል። ደመና ቢኖር ከፊሉን በመለሰለት ነበር። ከዚህም የተነሣ በሰው ቁመት የተሰቀለ ቴርሞሜትር 2 ወይም 3 ዲግሪ እያሳየ የሣሩ ጫፍ ከዜሮ በታች ሊወርድ ይችላል። ጤዛ ከዚሁ ቅዝቃዜ እንደሚመጣ በሎንዶን የነበረው ሐኪም ዊልያም ቻርልስ ዌልስ እ.ኤ.አ. በ1814 ባሳተመው መጽሐፍ አስረድቶአል።

ታዲያ በአየር ውስጥ ያለው የውሃ ተን ይህን ቅጠል ሲነካ፣ ውሃ ሳይሆን በቀጥታ በረዶ ይሆናል። መነሻ ግን ይሻል፤ ትቢያ፣ የቅጠል ጠጉር፣ በመስተዋት ላይም ጭረት ይበቃዋል። የውሃ ሞለኪውሎች ሲረጉ በስድስት ማዕዘን ስለሚደረደሩ ደቃቁ ክሪስታል ስድስት ጎን ይይዛል። ከዚያ በኋላ ወጣ ያለው ጠርዝ ከሌላው የበለጠ ተን ያገኛል፤ ስለሚያገኝም ይረዝማል፤ በረዘመም ቁጥር ይበልጥ ያገኛል። ላባ የሚመስለው ቅርጽ ምክንያቱ ይኸው ነው። ጃፓናዊው ሊቅ ኡኪቺሮ ናካያ እ.ኤ.አ. በ1936 በሆካይዶ፣ በጥንቸል ጠጉር ጫፍ ላይ የበረዶ ክሪስታል አሳድጎአል፤ ቅርጹም በቅዝቃዜውና በእርጥበቱ መጠን እንደሚለዋወጥ አሳይቶአል።

ለክፍል ማሳያ ውድ መሣሪያ አያሻም። ክዳን ባለው ጣሳ ውስጥ 3 እጅ የተከሰከሰ በረዶና 1 እጅ ጨው ቀላቅሎ፣ ውጪውን በደረቅ ጨርቅ ጠርጎ መጠበቅ ነው። አየሩ ደረቅ ከሆነ ትንፋሽ ቢሰጡት ይፈጥናል። ተማሪው በጣሳው ጎን ነጩን ሽፋን ሲያይ፣ ከላይ ምንም እንዳልወረደ ራሱ ይመሰክራል።

ባቄላውን የሚገድለው ግን ነጩ ሽፋን አይደለም፤ በቅጠሉ ውስጥ በሕዋሳት መካከል የሚረጋው በረዶ የሕዋሳቱን ውሃ ስቦ ያደርቃቸዋል። ቀዝቃዛ አየር ከባድ ነውና ሌሊቱን ሙሉ እንደ ውሃ ወደ ዝቅተኛው ቦታ ይፈስሳል። ስለዚህ የሸለቆው ማሳ ሲጠቁር የተዳፋቱ ማሳ ብዙ ጊዜ ይተርፋል። የገበሬ ልጅ ይህን ከመምህሩ በፊት ያውቃል፤ የሚጠይቀው ምክንያቱን ነው።