የልጅ ጥበቃ ወጪና የደመወዝ ግብር፦ ከወላይታ ሶዶ ሲታይ



ሶዶ ከተማ ውስጥ የሚኖሩ ሁለት እናቶችን በሐሳባችን እንያዝ፤ አንዷ የልብስ ነጋዴ፣ ሌላዋ መምህርት ናቸው። ነጋዴዋ ሱቅ የሚጠብቅላት ሠራተኛ ብትቀጥርና የሒሳብ መዝገብ ብትይዝ፣ የምትከፍለው ደመወዝ ግብር ከሚከፈልበት ገቢዋ ላይ ይቀነስላታል። መምህርቷ ደግሞ ሞግዚት ትቀጥራለች፤ ሞግዚቷ በቀረችበት ቀን መምህርቷም ክፍል አትገባም። ሆኖም ግብሯ ሲሰላ ይህ ወጪ እንደሌለ ይቆጠራል። ነጋዴዋም ብትሆን የሱቅ ሠራተኛዋን እንጂ የሞግዚቷን ደመወዝ መቀነስ አትችልም፤ ሕጉ የግል ወጪ ይለዋልና።

የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 በአንቀጽ 10 ተቀጣሪ ገቢውን ለማግኘት ላወጣው ወጪ ተቀናሽ አይፈቅድም። የትራንስፖርቱም፣ የመጽሐፉም፣ የሞግዚቷም ወጪ ዕጣው አንድ ነው። አሠሪው ራሱ የቤት ሠራተኛ ቢመድብላት እንኳ በደንብ ቁጥር 410/2009 መሠረት በዓይነት የተገኘ ጥቅም ተብሎ ግብር ይታሰብበታል። ሕግ አውጪው ለዝቅተኛ ደመወዝተኛ የሚያዝነው በሌላ መንገድ ነው፤ ከግብር ነፃ የሆነውን ወርኃዊ ገቢ በ1994 ከነበረበት 150 ብር በ2008 ወደ 600፣ በአዋጅ ቁጥር 1395/2017 ደግሞ ወደ 2,000 ብር ከፍ አድርጎታል። ይህ ግን ልጅ ያላትንና የሌላትን አይለይም።

ጥያቄው የእኛ ብቻ አይደለም። በአሜሪካ በ1939 እ.ኤ.አ. ሁለቱም የሚሠሩ ባልና ሚስት የሞግዚት ደመወዝ እንዲቀነስላቸው ጠይቀው፣ የግብር ይግባኝ ቦርዱ ወጪው የግል ነው ሲል አልተቀበላቸውም። በ1954 የተወሰነ ተቀናሽ ተፈቀደ፤ በ1976 ወደ ግብር ማካካሻ ተለወጠ። ከሁሉ ይልቅ ተማሪዎቼ እንዲያነቡት የምመክረው የካናዳ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1993 እ.ኤ.አ. በጠበቃ ቤዝ ሳይምስ ጉዳይ የሰጠውን ፍርድ ነው። ጠበቃዋ የሞግዚቷ ደመወዝ የንግድ ወጪ ነው ብለው ተከራከሩ። ሰባቱ ወንዶች ዳኞች ፈረዱባቸው፤ በችሎቱ የነበሩት ሁለቱ ሴቶች ዳኞች በልዩነት ቆሙ። «የግል ወጪ» የሚለው ቃል የተቀረጸው ቤት የሚውል ሰው ባላቸው ሠራተኞች ልክ መሆኑን ከዚህ በላይ የሚያሳይ ጉዳይ አላውቅም።

ተቀናሽና ማካካሻ ግን አንድ አይደሉም። ተቀናሽ ግብር የሚሰላበትን ገቢ ያሳንሳል፤ ማካካሻ ከተሰላው ግብር ላይ በቀጥታ ይነሳል። በ2017ቱ ምጣኔ እናስላው። የሞግዚት ደመወዝ በወር 2,000 ብር ነው እንበል። ወጪው በሙሉ ተቀናሽ ቢሆን፣ 18,000 ብር የምታገኝ እናት 700 ብር ታተርፋለች፤ 9,000 የምታገኘው 500 ብር፤ 3,500 የምታገኘው ግን 225 ብር ብቻ፤ ጠቅላላ ግብሯ ይኸው ነውና። ያለው ይበልጥ ይጠቀማል ማለት ነው። ለሁሉም እኩል 400 ብር ማካካሻ ቢሰጥ ፍትሐዊነቱ ይሻላል፤ ለሦስተኛዋ ግን ትርፉ ተመላሽ ካልተደረገላት ያው 225 ብር ነው።

ከዚያም የደረሰኝ ነገር አለ። ሞግዚቶቻችን በአብዛኛው ከገጠር ቀበሌዎች የሚመጡ ወጣት ሴቶች ናቸው፤ ደረሰኝ የላቸውም፤ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 እንኳ አይሸፍናቸውም። ልጁን የምትይዘው አያት ስትሆንማ ማን ለማን ይፈርማል? በዚያ ላይ ደመወዝ ብቻ የሚያገኝ ሠራተኛ ዓመታዊ የግብር ማስታወቂያ አያቀርብም፤ አሠሪው በየወሩ ቀንሶ ይከፍልለታል። ስለዚህ የውጭውን ሥርዓት እንዳለ መቅዳት ወረቀት ላይ ይቀራል። በእኔ እምነት የሚሠራው በልጅ የልደት ምስክር ወረቀት ላይ የተመሠረተ፣ ልኩ አስቀድሞ የታወቀ፣ በደመወዝ መክፈያ ሰነዱ ላይ የሚቀናነስ ማካካሻ ነው።

ይህን የሚወስነው ማነው? የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 97 በክልል መንግሥትና በግል ድርጅት ተቀጣሪዎች ላይ የገቢ ግብር የመጣልን ሥልጣን ለክልሎች ይሰጣል። እርግጥ ክልሎች በተግባር የፌዴራሉን አዋጅ ይዘት ተከትለው ሲደነግጉ ኖረዋል። ዳሩ ግን በ2015 መጨረሻ የተመሠረተው፣ መቀመጫውም በዚህችው ከተማ የሆነው የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ለመምህራኑና ለነርሶቹ ማካካሻ ቢደነግግ ሕገ መንግሥቱ አይከለክለውም። የፌዴራል ተቋም በሆነው ዩኒቨርሲቲያችን ያለን ግን አዲስ አበባን መጠበቃችን ነው።

አንድ ተቃውሞ ከወዲሁ ልመልስ። የወላይታ ወላጅ በብዛት ደመወዝተኛ አይደለም፤ እንሰትና ስኳር ድንች የሚያመርት፣ ገበያ የሚውል ነው። ግብር ለማይከፍል የግብር ማካካሻ ምኑ ነው? ትክክል ነው። ለእነዚህ እናቶች የቀረበው መሣሪያ የልማታዊ ሴፍቲኔት መርሐ ግብር ነው። በመመሪያው ነፍሰ ጡሮችና አራሶች ከማኅበረሰብ ሥራ ወጥተው በቀጥታ ድጋፍ ይታቀፋሉ፤ በሥራ ቦታም የሕፃናት ማቆያ ይታሰባል። ልጅ ማሳደግ የሥራ ሰዓት እንደሚወስድ ያመነው ለድሃዋ ገበሬ የተጻፈው መመሪያ እንጂ የግብር ሕጋችን አለመሆኑ ይገርመኛል።

መንግሥት በአሠሪነቱም ግዴታ ገብቶ ነበር። የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 1064/2010 መሥሪያ ቤቶች ሴት ሠራተኞች ሕፃናታቸውን የሚያጠቡበትና የሚንከባከቡበት ማቆያ እንዲያቋቁሙ አዝዞ ነበር። በዚያ አዋጅ ከወሊድ በኋላ ያለው ፈቃድ 90 ቀን ነበር፤ ሕፃኑ አፀደ ሕፃናት እስኪገባ ያሉት ዓመታት የእናቲቱ ዕዳ ናቸው። ማቆያ ባለበት መሥሪያ ቤት የማካካሻው ጥያቄ ይቀልላል፤ በሌለበት ደግሞ፣ አሠሪው ያልፈጸመውን ግዴታ በራሷ ደመወዝ ከምትሸፍን ሴት ላይ ሙሉ ግብር መሰብሰብ በምን ይደገፋል? የመመረቂያ ጽሑፍ ርእስ የምትፈልጉ ተማሪዎች ከዚህ ልትጀምሩ ትችላላችሁ። አሁን መድረኩን ለጥያቄዎቻችሁ እለቃለሁ።