የመካኒኩ መፍቻና የሲራራው ነጋዴ
(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)



በዚህ ጉባኤ ላይ ንግግር እንዳደርግ በተጠየቅሁ ጊዜ፣ ስለ ታላላቅ ፋብሪካዎች ወይም ስለ አዳዲስ መኪናዎች የምናገር የመሰላቸው ወዳጆች ነበሩ። እኔ የመረጥሁት ግን በአንድ እጅ ጭብጥ ውስጥ የሚገባ ነገር ነው፤ ይኸውም መፍቻ ነው። ጥያቄዬም አጭር ነው። በቢቸና ወይም በሞጣ ከተማ የሚሠራ አንድ መካኒክ ጥሩ መፍቻ ከየትና በምን መንገድ ያገኛል? ዋጋውንስ እንዴት አድርጎ ይከፍላል? ነገሩ ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን የዓባይን በረሃ ከአንድ ሺሕ ሜትር በላይ ቁልቁል በሚወርድ የጭነት መኪና ፍሬን ላይ የመጨረሻውን ብሎን የሚያጠብቀው ይኸው መፍቻ መሆኑን ስናስብ፣ ጥያቄው የሙያ ብቻ ሳይሆን የሕይወትም ጥያቄ ሆኖ እናገኘዋለን።

እንደምታውቁት፣ ከደጀን ላይ መንገዱ ለሁለት ይከፈላል። አንደኛው በደብረ ማርቆስና በቡሬ፣ ሁለተኛው በቢቸና፣ በደብረ ወርቅ፣ በሞጣና በአዴት በኩል አድርገው ሁለቱም ባሕር ዳር ይገናኛሉ። ቢቸና ከአዲስ አበባ ከ260 ኪሎ ሜትር በላይ፣ ሞጣ ደግሞ 370 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃሉ። በዚህ በሁለተኛው መንገድ ጤፍና ስንዴ የሚጭኑ አይሱዙዎች፣ መንገደኛ የሚያመላልሱ ሚኒባሶች፣ ባጃጆችና ሞተር ብስክሌቶች ይመላለሳሉ። ከመንገዱ ራቅ ብሎ ደግሞ የእህል ወፍጮ ሞተርና የመስኖ ውኃ መሳቢያ አለ። ይህ ሁሉ በተሰበረ ጊዜ የሚመጣው በመንገድ ዳር ቆርቆሮ ጥላ ሥር ወደሚሠራው ባለሙያ ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ከእነዚህ ከተሞች በአንደኛው፣ አንድ ጋራዥ ውስጥ ተቀምጬ ሥራ እመለከት ነበር። አንድ ወጣት ለማጅ ከአይሱዙ ሥር ተኝቶ የፍሬን ብሎን ይፈታል። እጁ የሠለጠነ መሆኑ ያስታውቃል። መፍቻው 14 ቁጥር ነበር፤ ገና ከተገዛ ወር አልሞላውም። ወጣቱ ክንዱን በጫነ ጊዜ የመፍቻው አፍ ተከፈተ፤ የብሎኑም ማእዘን ተላጠ። የዐሥር ደቂቃ ሥራ የነበረው በመሮና በመዶሻ ግማሽ ቀን ፈጀ። ሲመሽ ባለቤቱ መሣሪያዎቹን አንድ በአንድ ቆጥሮ በሳጥን ቈለፈባቸው። እኔም ወጣቱን የራሱ መሣሪያ እንዳለው ጠየቅሁት። «የለኝም፤ የምሠራው በጋሼ ዕቃ ነው» አለኝ። በዚያ ጋራዥ አራት ዓመት ሠርቷል። ጌታው በበኩላቸው፣ «ሙያውን ሳልሰስት ሰጥቼዋለሁ፤ መሣሪያውን ግን ልስጠው ብል እኔስ በምን እሠራለሁ?» አሉኝ። ሁለቱም እውነታቸውን ነበር።

መፍቻው ያን ቀን ለምን ከዳ? ብሎን ስድስት ገጽ አለው። ጥሩ መፍቻ ኀይሉን በገጾቹ ላይ ያሳርፋል። ብረቱ የላላ መፍቻ ግን ሲጫኑት አፉ ይሰፋል፤ ኀይሉም ከገጹ ወደ ማእዘኑ ይሸሻል። ማእዘኑ አንድ ጊዜ ከተላጠ ብሎኑ ክብ ሆነ ማለት ነው። ስለዚህ ጥሩ መፍቻ ከክሮምና ከቫናዲየም ጋር ከተዋሐደ ብረት ተቀጥቅጦ፣ በእሳት ታክሞ ይሠራል። በገበያ ላይ ግን ላዩ እንደ መስተዋት የሚያበራ፣ ውስጡ ለስላሳ የሆነ ብረት የታወቀ ፋብሪካ ስም ተቀርጾበት ይሸጣል። ዓይን ሁለቱን አይለይም፤ የሚለያቸው የሥራ ቀን ነው።

የልክም ጣጣ አለ። በአገራችን የቀድሞዎቹ ቤድፎርድና ላንድሮቨር፣ እንዲሁም ከእንግሊዝ አገር የመጡት የድሮ የወፍጮ ሞተሮች ብሎናቸው በኢንች የተለካ ነበር። የጣሊያኑ ፊያት፣ ከዚያም የጃፓኖቹ ቶዮታና አይሱዙ በሚሊ ሜትር መጡ። ሦስት ሩብ ኢንች 19.05 ሚሊ ሜትር ስለሆነ 19 ቁጥር መፍቻ ይገጥመዋል። ግማሽ ኢንች ግን 12.7 ሚሊ ሜትር ነው፤ 13 ቁጥር ቢገባበት የ0.3 ሚሊ ሜትር ክፍተት ይቀራል። ይህች ክፍተት የብሎንን ማእዘን ለመላጥ ትበቃለች። ትክክለኛውን ልክ ያጣ ባለሙያ ግን ባገኘው መፍቻ ጫፍ ላይ ቧንቧ ሰክቶ ከመታገል በቀር ምርጫ የለውም።

ክቡራንና ክቡራት፤

እዚህ ላይ ወደ ኋላ መለስ ብለን አንድ ነገር እናስታውስ። እንግሊዛዊው ቤንትሊ ሲድሊ የተባለችውን መኪና ይዞ አዲስ አበባ የገባው በ1900 ዓ.ም. ነው። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ የእጅ ባለሙያን በሥራው የሚሰድብ ሰው እንዲቀጣ ያወጁትም በዚያው በ1900 ዓ.ም. ነው። መኪናውና የባለሙያው ክብር በአንድ ዓመት መጡ ለማለት ይቻላል። ከዚያ በኋላ መኪናው በዛ። ከጣሊያኖች ጋር ደግሞ ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ ክሪክ፣ ሞርሳ፣ ሴጌቶ፣ ቡሾላ የሚባሉት ቃላት ገብተው የጋራዣችን ቋንቋ ሆኑ። ቃሉ እስከ ሞጣ ደረሰ፤ ዕቃው ግን ከቃሉ ጋር እኩል አልተጓዘም።

በሌላ አገር ይህን ክፍተት የዘጉት እንዴት ነው? እ.ኤ.አ. በ1920 በአሜሪካ ሚልዋኪ ከተማ ጆሴፍ ጆንሰንና ዊልያም ሳይድማን የተባሉ ሰዎች ስናፕ ኦን የተባለውን ድርጅት አቋቋሙ። ሐሳባቸው ቀላል ነበር። ለእያንዳንዱ ቡሾላ የራሱን እጀታ ከመሥራት ይልቅ፣ አምስት እጀታዎችንና እየተነቀሉ የሚሰኩ ዐሥር ቡሾላዎችን አዘጋጁ። በዚህም አምስቱ የኀምሳ መሣሪያ ሥራ ሠሩ። ሻጮቻቸው ዕቃውን በሱቅ መስኮት አላስቀመጡትም፤ ጋራዥ ድረስ ይዘው እየሄዱ በባለሙያው ፊት አሳዩት። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወዲህ ነጋዴው ራሱን ችሎ፣ የተወሰነለትን ክልል ይዞ፣ ውስጧ እንደ ሱቅ በተደራጀች መኪና ይዞር ጀመር። እ.ኤ.አ. በ1938 በኦሃዮ የተቋቋመው ማክ ቱልስን የመሳሰሉ ሌሎችም በዚሁ መንገድ ተሰማሩ። መኪናዋ በየሳምንቱ በታወቀ ቀን ትመጣለች። ባለሙያው መሣሪያውን በእጁ ይዞ ይመዝናል፤ ዋጋውን በየሳምንቱ በጥቂት በጥቂቱ ይከፍላል፤ ዋስትና ያለው መፍቻ ከተሰበረ ሻጩ ይለውጥለታል።

ይህን ስሰማ እንግዳ ነገር ሆኖ አልታየኝም፤ ጎጃም የሚያውቀው ነገር ነውና። ከመኪናው ዘመን በፊት ሲራራ ነጋዴ በቅሎና አህያ ጭኖ ከገበያ ገበያ ይዞር ነበር። በ19ኛው መቶ ዘመን ስሙ የገነነው የባሶ ገበያ ከሰሜን አሞሌ ጨው፣ ከዓባይ ማዶ ቡናና ወርቅ የሚገናኙበት ነበር። ሲራራውን ያቆመው በቅሎው አልነበረም። ያቆመው ተመላሽ መሆኑ ነው። ነጋዴው በሚቀጥለው ዙር በዚያው ገበያ እንደሚገኝ ስለሚታወቅ፣ ዱቤ ሰጪውም ተቀባዩም አይፈሩም ነበር። የአሜሪካው መኪናም ምስጢሩ ሞተሩ ላይ አይደለም፤ መመለሱ ላይ ነው። አንድ ጊዜ ሸጦ የሚጠፋ ሰው የላላ ብረት ሊሸጥ ይችላል። በሳምንቱ ተመልሶ የገዢውን ፊት የሚያይ ግን አይደፍርም።

ዛሬ በቢቸናና በሞጣ የጎደለው ይህ ተመላሽ ነጋዴ ነው። ባለሙያው መሣሪያ ሲያስፈልገው ወደ አዲስ አበባ መርካቶ፣ ወደ ሶማሌ ተራ፣ በሚሄድ ሾፌር ወይም ረዳት እጅ ይልካል። ገንዘቡን በቴሌብር በደቂቃ ማድረስ ይቻላል፤ መፍቻውን ግን በስልክ ጨብጦ ሊመዝነው አይችልም። የመጣው ዕቃ ቢበላሽ ለመለወጥ ደርሶ መልስ ከቢቸና ከ520፣ ከሞጣ ደግሞ ከ700 ኪሎ ሜትር የሚያልፍ መንገድ ስላለ፣ ኪሳራውን ዋጥ አድርጎ ይቀመጣል። በገበያ ቀን ሸራ ዘርግቶ የሚሸጥ አዟሪም አለ፤ እርሱ ግን ዛሬ መፍቻ፣ በሚቀጥለው ገበያ ጫማ ይዞ ይመጣል፤ ምናልባትም ጭራሽ አይመጣም። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ዋጋው ንሯል። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልሉ የተነሣው ግጭትም መንገዱን እየዘጋ ጉዳዩን አክብዶታል።

ብድርስ የለም ወይ? የካፒታል ዕቃ ኪራይን ሥራ የፈቀደው አዋጅ ቁጥር 103 በ1990 ዓ.ም. ወጥቷል፤ በእርሱም መሠረት የሚሠሩ ድርጅቶች ማሽን ያከራያሉ። ይህ ለባለ ወፍጮና ለባለ ብረታ ብረት ይጠቅማል። ዳሩ ግን ለዐሥር መፍቻና ለአንድ የቡሾላ ሳጥን ማመልከቻ ጽፎ፣ ዋስ ጠርቶ የሚመላለስ የለም። ለባንክ እጅግ ያነሰው ገንዘብ ለለማጁ እጅግ የበዛ ነው። ከሁለቱ መካከል ያለው ባዶ ቦታ ነው ወጣቱን አራት ዓመት በሰው መፍቻ ያሠራው።

ይሁን እንጂ የአሜሪካውን መንገድ እንዳለ እንቅዳው አልልም። በዚያ አገር መካኒክ ተቀጥሮም ቢሆን የእጅ መሣሪያውን በአብዛኛው በራሱ ገንዘብ ይገዛል። መኪናዋ በየሳምንቱ ደጁ ስለምትቆም፣ አዲስ ነገር ባየ ቁጥር ይጨምራል፤ ዕዳው ከዓመት ዓመት ይንከባለላል። ገና ሥራ የጀመረ ወጣት ሳጥኑ ሲሞላ ኪሱ ባዶ ሆኖ ይገኛል። መሣሪያ ነጻ ሊያወጣው ይገባ የነበረውን ሰው መልሶ ያስረዋል ማለት ነው። «ብድር በምድር» የሚል ሕዝብ ይህን ቀድሞ ማሰብ ይገባዋል።

ስለዚህ ለዚህ ጉባኤ የማቀርበው ሐሳብ በሦስት ነገሮች ላይ የቆመ ነው።

አንደኛ፣ ማኅበራችን አንዲት ትንሽ የጭነት መኪና አዘጋጅቶ፣ ከደጀን እስከ ሞጣ ባለው መንገድ በታወቀ ቀን የምትመላለስ የመሣሪያ ሲራራ እንዲጀምር ነው። ጭነቷ በመጀመሪያ ብዙ መሆን የለበትም። በጃፓን መኪናዎች ላይ ዘወትር የሚያስፈልጉት 10፣ 12፣ 14፣ 17 እና 19 ቁጥር መፍቻዎችና ቡሾላዎች ይበቃሉ። በሙሉ ሳጥን ብቻ ሳይሆን በነጠላም ይሸጡ፤ በየጋራዡ ከሁሉ በፊት የሚጠፋው 10 ቁጥር መሆኑን ሁላችንም እናውቃለንና። መንገድ በሚዘጋበት ጊዜ ሥራው እንዳይቋረጥም በቢቸናና በሞጣ በአንዳንድ ታማኝ አባል እጅ ጥቂት ዕቃ ይቀመጥ።

ሁለተኛ፣ ክፍያው በእቁብ ሥርዓት ይሁን። ዐሥር ባለሙያዎች በየሳምንቱ ቢያዋጡ በየዙሩ አንዱ ሣጥኑን ይወስዳል። ዕዳው በጓደኞቹ ፊት ስለሆነ ይከፈላል፤ በወለድም አያድግም። የፊተኛውን ከፍሎ ያልጨረሰ ሁለተኛ ዕቃ እንዳይወስድ ሕግ ይደረግ። በእያንዳንዱም እቁብ ቢያንስ ሁለት ለማጆች ይግቡ፤ እጣውም ለእነርሱ ቀድሞ ይውጣ።

ሦስተኛ፣ ማንኛውም መፍቻ ከመሸጡ በፊት ከየጭነቱ ጥቂቱ ተመርጦ በሞርሳ ላይ በታሰረ ብሎን ይፈተን። በተገቢው ሥራ ላይ ሳለ አፉ የተከፈተ ወይም የተሰበረ መፍቻ ያለ ክርክር በዚያው ቀን ይለወጥ። ይህ ማኅበሩን ገንዘብ ያስወጣዋል። ግን የማኅበሩ ስም ሊቀረጽበት የሚገባው ብረት ይኸው ነው።

«እኛ የሙያ ማኅበር እንጂ ነጋዴዎች አይደለንም» የሚል ተቃውሞ እንደሚነሣ አውቃለሁ። እኔም ነጋዴ እንሁን አላልሁም። ነጋዴው ያልገባበትን መንገድ እኛ እንጀምረውና፣ የሚያዋጣ መሆኑ ሲታይ ለሚሠራበት ሰው እንልቀቀው ነው የምለው። ሙያ በልብ ነው ሲባል እንሰማለን፤ እውነት ነው። የልብ ሙያ ግን የሚፈታው ብሎን የለም። በቴክኒክና ሙያ ተቋም የምስክር ወረቀት ሰጥተን ባዶ እጁን የምንሰደው ወጣት፣ ወይ የሰው ሳጥን እስኪከፈት የሚጠብቅ ይሆናል፣ ወይ በላላ መፍቻ ያጠበቀውን ፍሬን ወደ ዓባይ በረሃ ይልከዋል።

ጉባኤው ይህን ሐሳብ አጥንቶ በሚቀጥለው ስብሰባ የሚያቀርብ አነስተኛ ኮሚቴ እንዲሰይም በትሕትና እጠይቃለሁ። ኮሚቴውም አዳራሽ ውስጥ ከመቀመጡ በፊት ቢቸናና ሞጣ ወርዶ፣ የየጋራዡን ሳጥን አስከፍቶ ያሉትንና የጎደሉትን ቁጥሮች አንድ በአንድ ይጻፍ። የመጀመሪያው የመኪናዋ ጭነት ዝርዝር ያ መዝገብ ይሆናል።