ከሐይቅ ዳር ዝም ብሎ ስለ ማየት



ቅዱስ ያሬድ ትምህርት አልገባው ብሎ ከመምህሩ ከአባ ጌዴዎን ዘንድ በኮበለለ ጊዜ፣ በማይ ኪራህ ከዛፍ ሥር ተጠልሎ ሳለ አንዲት ትል ፍሬ ለመብላት ስትወጣና ስትወድቅ፣ በሰባተኛው ግን ከፍሬው ስትደርስ እንደ ተመለከተ ይተረካል። ታሪኩ ዘወትር ስለ ትጋት ይነገራል። ነገር ግን ከትጋቱ በፊት ያሬድ ተቀምጦ አይቷል። የአንዲትን ትል መውደቅና መነሣት እስከ ፍጻሜው የሚጠብቅ ሰው፣ ልቡ ምንም ቢያዝን፣ ጸጥታን አግኝቷል።

በለንደን እንዲህ ለማየት ሩቅ መሄድ አያሻም። በሃይድ ፓርክ ሐይቅ ዳርና በሪችመንድ ፓርክ ኩሬዎች ዙሪያ፣ በዓይኗ ዙሪያ ጥቁር ቡናማ ቀለም እንደ ኩል የዞረባት፣ እግሯ ሮዝማ የሆነ ወፍ ትሰማራለች። እንግሊዞች «የግብፅ ዝይ» ይሏታል። በጣና ወይም በስምጥ ሸለቆ ሐይቆች ዳር ላደገ ሰው ግን እንግዳ አይደለችም፤ እንደ ዓባይ ውኃ ስሟም ለግብፅ ደረሰ እንጂ።

ወደዚህ አገር በ17ኛው መቶ ዘመን ያመጧት ሰዎች ናቸው፤ ለመኳንንት ኩሬ ማጌጫ። ከዚያ አምልጣ በዱር ተዋለደች፤ ለረጅም ዘመንም በምሥራቅ፣ በኖርፎክ አካባቢ ተወስና ኖረች። የብሪታንያ ወፎች መዝገብ ከአገሩ የዱር ወፎች ጋር የቆጠራት እ.ኤ.አ. በ1971 ነው፤ ከ300 ዓመት ግድም በኋላ መሆኑ ነው። የመኖሪያ ፈቃድ ጥበቃ ያሰለቻቸው ቤተሰቦች ይህን ሲሰሙ ፈገግ ይሉ ይሆናል። እርሷ ግን መዝገቡን አልጠበቀችም። ብርዱ ሳይለቅ፣ በጥር እንኳ፣ በአሮጌ ዛፍ ጎድጓዳ ውስጥ እንቁላል ትጥላለች። ጫጩቶቿ መብረር ሳይችሉ ከዚያ ከፍታ ዘልለው ይወርዳሉ፤ ከብርዱ የተነሣ የሚሞቱት ብዙ ናቸው፤ የተረፉትን አባትና እናት አብረው ይጠብቃሉ።

የልጅ ልጅ ለማሳደግ ከአገር ቤት መጥተው፣ የሰፈሩ ቋንቋ ያልተገራላቸው እናቶች በዚህች ወፍ ፊት አስተርጓሚ አያስፈልጋቸውም። ሰው ሲቀርባት መጀመሪያ አንገቷን ቀጥ አድርጋ ታያለች። ካልተንቀሳቀሰ ጥቂት ቆይታ ወደ ሣሯ ትመለሳለች። ያን ጊዜ ያ ሰው ከአግዳሚ ወንበሩና ከዛፉ ጋር ተቆጥሯል፤ ከየት መጣህ የሚለውም የለም።

ከቅዳሴ በኋላ ልጆችን ይዞ የሚሄድ ሰው የአምባሻ ፍርፋሪ ባይዝ ይመረጣል። የፓርኮቹ አስተዳደር የዱር እንስሳትን አትመግቡ ብሎ ይጠይቃል፤ ዳቦም ለወፎቹ አይበጅም። ደግሞም ምግብ ያየች ወፍ እጅ እጅ ታያለች፤ ባዶ እጁን የተቀመጠውን ግን ትተወውና ጫጩቶቿን አስከትላ በፊቱ ታልፋለች።