ስልክ የልብ ወዳጅ ይሆናልን?

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ በ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ስም የተደረገ ንግግር)



ልንናገርበት የተነሣንበት ነገር ለበዓል ቀን የሚስማማ አይመስል ይሆናል። ዳሩ ግን በአደባባይ ያነሣው ስለሌለ እኛው እናንሣው ብለን ተስማማን። ከመካከላችን ብዙዎች ልባቸው ሲጨነቅ የሚናገሩት ለእናታቸው ወይም ለመምህራቸው ሳይሆን ለስልካቸው ሆኗል።

ምክንያቱን ለመረዳት ጭሮን ማወቅ ይበቃል። አንድ ልጅ ሐኪም ቤት በር ላይ ከታየ፣ እርሱ ቤቱ ሳይደርስ ወሬው እናቱ ዘንድ ይደርሳል። «ራሴን አሞኝ ነው» ማለት ነውር የለበትም፤ «ሐሳብ በዝቶብኝ እንቅልፍ አጣሁ» ማለት ግን «አበደ» ያሰኛል። በገለምሶና በበዴሳ ያሉት ጓደኞቻችንም የሚነግሩን ይህንኑ ነው። የአእምሮ ሕመም በተባለ ቁጥር የሰው ሐሳብ አዲስ አበባ ወዳለው አማኑኤል ሆስፒታል ይሮጣልና። ስልክ ግን የማን ልጅ ነህ ብሎ አይጠይቅም፤ ሌሊትም አይተኛም።

ከእኛ አንዱ ፈተና ሲቃረብ እንቅልፍ አጥቶ ከአንድ አፕ ጋር ሲያወራ ሰነበተ። አፑ ትንፋሹን በቀስታ እንዲስብ መከረው፤ እውነቱን ለመናገር ጠቅሞታል። ነገር ግን እርሱ የሚጨነቀው በኦሮምኛ ነው፤ መልሱ የሚመጣለት በእንግሊዝኛ። ካርዱ ባለቀበትም ሌሊት ወዳጁ ዝም አለው።

ምሥጢር ጠባቂነቱንም ቢሆን እንጠራጠራለን። ቤተርሄልፕ የተባለው በኢንተርኔት ምክር የሚሰጥ ኩባንያ የደንበኞቹን የጤና ነገር ለማስታወቂያ ሲል ለፌስቡክና ለሌሎች አሳልፎ ሰጥቷል ተብሎ፣ እ.ኤ.አ. በ2023 የአሜሪካ ንግድ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት 7.8 ሚሊዮን ዶላር እንዲከፍል አድርጎታል። እ.ኤ.አ. በ2017 የተጀመረው ዎቦት የተባለው አፕም በ2025 ተዘግቷል። (የእኅቶቻችን ስልክ በወንድም እጅ የሚፈተሽ መሆኑን ሳንቆጥር ነው።)

የዓለም ጤና ድርጅት ዕድሜያቸው ከ10 እስከ 19 ከሆነ 7 ልጆች አንዱ የአእምሮ ጤና ችግር እንደሚያገኘው ይናገራል። እስቲ በአንድ ክፍላችን ውስጥ ስንቶች እንደምንሆን አስቡት።

ያ ጓደኛችን በመጨረሻ ለአክስቱ ነገራት። አክስቱ አልጮኸችም፣ ለጎረቤትም አላወራችም፤ ቡና አፍልታ እስኪጨርስ ሰማችው፣ በማግስቱም ራሷ ሐኪም ዘንድ ወሰደችው።

ከትምህርት ቤታችን የምንለምነው ጥቂት ነው። ረቡዕ ረቡዕ ከትምህርት በኋላ ከመምህራን አንዱ በሩን ዘግቶ በአንድ ክፍል ይቀመጥልን፤ የሚገባውም ተማሪ ስሙ በመዝገብ አይጻፍ።