ከ49 ዓመት በኋላስ? የማረጥ ሽግግርና የሴቶች የአእምሮ ጤና በጎንደርና በሰሜን ጎንደር ደጋ

(ለተማሪዎች፣ ለመምህራንና ለሕዝብ ክፍት በሆነ የፋኩልቲ መድረክ ጎንደር ላይ የቀረበ ንግግር)



ንግግሬን በአንድ ቁጥር እጀምራለሁ፤ ቁጥሩ 49 ነው። የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት እ.ኤ.አ. በ2000፣ በ2005፣ በ2011 እና በ2016 በተካሄዱት ዙሮቹ ቃለ መጠይቅ ያደረገው ከ15 እስከ 49 ዓመት ለሚገኙ ሴቶች ነው። ወሰኑ የተመረጠው የወሊድን ዘመን ለማጥናት በመሆኑ ለዓላማው ትክክል ነው። ችግሩ የሚመጣው የጥናቱ ወሰን ሳይታወቀን የእንክብካቤያችንም ወሰን ሲሆን ነው። በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን መርሐ ግብር ሴትን በአብዛኛው የሚያገኛት በቤተሰብ ዕቅድ፣ በእርግዝና ክትትል፣ በወሊድና በሕፃናት ክትባት በኩል ነው። እነዚህ በሮች ተራ በተራ የሚዘጉት ደግሞ አብዛኞቹ ሴቶች በሚያርጡበት፣ ከ45 እስከ 55 ባለው ዕድሜ ነው። ለአንዳንድ ሴቶች የአእምሮ ጤና ሥጋት ከፍ የሚለው በዚያው ጊዜ ነው። ስለዚህ ሥርዓታችን ሴቲቱን የሚለቃት ሊጠይቃት በሚገባበት ሰዓት ነው። የዛሬው ንግግሬ ፍሬ ነገር ይኸው ነው።

አስቀድሜ በሰውነት ውስጥ የሚሆነውን ባጭሩ ላስረዳ። ማረጥ የሚታወቀው ወደ ኋላ ተመልሶ ነው፤ የወር አበባ ለ12 ተከታታይ ወራት ከቀረና ሌላ ምክንያት ካልተገኘለት ሴቲቱ አርጣለች እንላለን። ሽግግሩ ግን ከዚያ ዓመታት አስቀድሞ ይጀምራል። በዚህ ጊዜ ኤስትሮጅን በአንድ ልክ እየቀነሰ አይሄድም፤ አንድ ወር ከወጣትነት መጠኑ በላይ ይወጣል፤ በሌላው ወር ያሽቆለቁላል። ኤስትሮጅን በአንጎል ውስጥ ስሜትንና እንቅልፍን ከሚያግዙ እንደ ሴሮቶኒን ካሉ ኬሚካሎች ጋር የተሳሰረ በመሆኑ፣ መዋዠቁን በቀላሉ የሚሸከም አንጎል እንዳለ ሁሉ የሚናወጥም አለ። ሃይፖታላመስ ውስጥ ያለው የሙቀት መቆጣጠሪያም ስለሚዛባ ድንገተኛ ሙቀትና ላብ ይመጣል። በደባርቅ ብርድ እኩለ ሌሊት ላይ ጋቢዋን ገፍፋ የምትነሣ ሴት በማግስቱ የምትደክመውና የምትቆጣው ጠባይዋ ስለ ከፋ አይደለም፤ ሌሊቱን ስላልተኛች ነው።

በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1996 ተጀምሮ 3,300 ያህል ሴቶችን ለዓመታት የተከታተለው ጥናት የድባቴ ምልክቶች ከሽግግሩ በፊት ካለው ጊዜ ይልቅ በሽግግሩ ወቅት እንደሚበዙ አሳይቷል። እ.ኤ.አ. በ2006 የታተመ ሌላ የአሜሪካ ጥናት ደግሞ ከዚያ ቀደም ድባቴ ይዟቸው በማያውቅ ሴቶች ላይ፣ ወደ ሽግግሩ ሲገቡ ምልክቱ የመታየት ዕድሉ ወደ እጥፍ እንደሚጠጋ አመልክቷል። ሁለት ነገር እንዳይዘነጋ አደራ እላለሁ። አንደኛ፣ አብዛኞቹ ሴቶች ይህን ዘመን ያለ ድባቴ ያልፋሉ። ሁለተኛ፣ ቀድሞ ድባቴ የነበረባቸውና ከባድ የኑሮ ፈተና የገጠማቸው ሴቶች ይበልጥ ይጠቃሉ። ሆርሞን ብቻውን ሙሉ ማብራሪያ አይሆንም።

ወደ ራሳችን አገር ስንመለስ ግን ሽግግሩን መለየት ራሱ ከባድ ሥራ ነው። የልደት ቀን ባልተመዘገበበት ገጠር ዕድሜ የሚገመተው በዘመን ክሥተት ነው። እስከ አርባዎቹ የምትወልድና ለረጅም ጊዜ የምታጠባ እናት የወር አበባዋ በማጥባት ምክንያት ይቅር ወይም በማረጥ ለይታ ላታውቅ ትችላለች። በ2016ቱ ጥናት በአገራችን ከዘመናዊ የወሊድ መቆጣጠሪያዎች ሁሉ በብዛት ጥቅም ላይ የዋለው መርፌ ነበር፤ መርፌውም ደም ስለሚያስቀር ሽግግሩን ይሸፍነዋል። እንግዲህ «የወር አበባሽ መቼ ቀረ?» የሚለው ጥያቄ ብቻውን ብዙ አይነግረንም።

ከዚህም በላይ ማረጥን የሚመስሉ በሽታዎች አሉ። ለረጅም ዘመን የአዮዲን እጥረትና እንቅርት በደጋው ሕዝባችን ላይ የታወቁ ችግሮች ናቸው። ጨው በአዮዲን እንዲበለጽግ የሚያስገድደው ደንብ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው፤ ስለዚህ ዛሬ በሃምሳዎቹ የሚገኙ ሴቶች ልጅነታቸውንም የወሊድ ዘመናቸውንም ያሳለፉት በአብዛኛው ከዚያ በፊት ነው። ታይሮይድ ሲደክም ሴቲቱ ትዝላለች፣ ትረሳለች፣ ታዝናለች፤ ሲበዛባት ደግሞ ልቧ ይመታል፣ ያልባታል። በሽግግሩ ዘመን የሚበዛው የደም መፍሰስም የደም ማነስ ያስከትላል። የሌሊት ላብ የሳንባ ነቀርሳም ምልክት ነው። ካረጠች ሴት የሚታይ ማንኛውም ደም ያለ ምርመራ መታለፍ የለበትም። «የዕድሜ ነገር ነው» ብሎ መሸኘት እነዚህን ሁሉ ያስታል።

አሁን ወደ ቋንቋው እንለፍ። «ድባቴ» የክሊኒክ ቃል ነው፤ እናቶቻችን ሕመማቸውን በዚህ ስም አይጠሩትም። «ሆዴን ባር ባር ይለዋል»፣ «ራሴን ይወቅረኛል»፣ «ልቤን ያቃጥለኛል»፣ «ጉልበቴ ከዳኝ» ይላሉ። ሐኪሙ ለራስ ምታቱ ማስታገሻ፣ ለልብ ማቃጠሉ የጨጓራ መድኃኒት አዝዞ ሊሸኛቸው ይችላል። ሐዘኑ ግን ሳይጠየቅ አብሯቸው ወደ ቤት ይመለሳል።

ሴቶች ሕመማቸውን የሚናገሩበት ስፍራ ማጣታቸው በጎንደር የቆየ ጉዳይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1932 ፈረንሳዊው ሚሼል ሌሪስ በማርሴል ግሪዮል ከተመራው የዳካር–ጅቡቲ ተልእኮ ጋር መጥቶ በጎንደር ወራት ሲቀመጥ፣ የመልካም አያሁን የዛር ቤት እየተከታተለ መዝግቧል። ሳይመን ሜሲንግም ጎንደር ላይ ባደረገው ጥናት ተመሥርቶ እ.ኤ.አ. በ1958 ባሳተመው ጽሑፍ ዛርን እንደ ቡድን ሕክምና ተመልክቶታል። ዛር የማረጥ ሕመም ነው ማለቴ አይደለም፤ እንዲመለስም አልሰብክም። ነገሩን የማነሣው ሰሚ ያጣች ሴት ሰሚ የምታገኝበትን ስፍራ መፈለጓ እንደማይቀር ስለሚያስረዳ ነው። ጤና ጣቢያው ያ ስፍራ ካልሆነ ሌላ ቦታ ትሄዳለች።

ማረጥ የሚሰጠው ትርጉምም ከአገር አገር ይለያያል። ማርጋሬት ሎክ እ.ኤ.አ. በ1993 ባሳተመችው ሥራዋ የጃፓን ሴቶች ከሙቀቱ ይልቅ ስለ ትከሻ መገተር እንደሚናገሩ አሳይታለች። በእኛ አካባቢ የደም መቅረት መፈታትም ነበር። የወር አበባ ላይ ያለች ሴት ወደ ቤተ መቅደስ አትገባም፤ ያረጠች ግን ይህ አያግዳትም፤ ብዙዎችም ቆብ ጭነው «እማሆይ» ተብለው ይከበራሉ። በወለቃና በስሜን ይኖሩ የነበሩ የቤተ እስራኤል ሴቶች በወር አበባቸው ወቅት ወደ መርገም ጎጆ ይገለሉ ነበር፤ ማረጥ ለእነርሱ የዚያ መመላለስ ማብቂያ ነበር። በአንጻሩ ልጅ ላልወለደች ሴት ማረጥ የተስፋ መዝጊያ ሊሆንባት ይችላል። አንዱ ክሥተት ለአንዷ ዕረፍት፣ ለሌላዋ ሐዘን ነው። የትኛው እንደ ሆነ የምታውቀው እርሷ ናት።

ሌላም መናገር የሚገባኝ ነገር አለ። በ2013 ዓ.ም. መጨረሻ ጦርነቱ ዳባት ወረዳ ደርሶ በጭና ሰላማዊ ሰዎች ተገድለዋል። በዚህ ዕድሜ ያለች እናት ልጆቿ ለአቅመ ጦርነት የደረሱ ናቸው። ልጇን ቀብራ እንቅልፍ ያጣችን ሴት «ሆርሞን ነው» ብንላት እውነቷን እንነጥቃታለን፤ «ሐዘን ነው» ብለን ብቻ ብንተዋትም ሊታከም የሚችለውን እንቅልፍ ማጣትና ድባቴ ያለ ሕክምና እንተዋለን። ሁለቱን አንድ ላይ መያዝ የባለሙያ ግዴታ ነው።

ታዲያ ምን እናድርግ? የምጠይቃችሁ ብዙ ገንዘብ የሚፈልግ ነገር አይደለም። ለተማሪዎቼ፦ በዚህ ዕድሜ ያለች እናት በማንኛውም ምክንያት ብትመጣ በአንቱታ አክብራችሁ፣ አጃቢዋን ለጥቂት ደቂቃ ውጭ አስቆይታችሁ፣ አራት ነገር ጠይቁ። እንቅልፍዎ እንዴት ነው? ድንገት ሙቀትና ላብ ይመጣብዎታል? ቀድሞ ያስደስትዎት የነበረው ነገር አሁንም ያስደስትዎታል? መኖር አስጠልቶዎት ያውቃል? የመጨረሻውን መጠየቅ ሐሳቡን እንደማይተክል፣ ይልቁንም ሸክሙን እንደሚያቀል እወቁ። ሕክምናውም አለ፦ የንግግር ሕክምና፣ እንደ ፍሉኦክሰቲን ያሉ የድባቴ መድኃኒቶች፣ የእንቅልፍ ሥርዓት። ሙቀቱ ለጸናባቸውና እንደ ጡት ካንሰርና የደም መርጋት ያለ ከልካይ ሁኔታ ለሌለባቸው ደግሞ፣ መድኃኒቱና ክትትሉ በሚገኝበት የሆርሞን ሕክምና ሊሰጥ ይችላል።

ለተመራማሪዎች፦ ዩኒቨርሲቲያችን እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ በዳባት የሥነ ሕዝብና ጤና ክትትል ሲያካሂድ ቆይቷል። መረጃ ሰብሳቢዎች ቤት ለቤት በሚያንኳኩበት በዚያ ወረዳ ከ45 እስከ 60 ዓመት ላሉ ሴቶች ጥቂት ጥያቄዎች ቢጨመሩ፣ የደጋዋን ሴት ከአሜሪካና ከጃፓን ጥናቶች በመነሣት ከመገመት እንድናለን።

ይህ ተቋም እ.ኤ.አ. በ1954 የተመሠረተው የደምቢያ ወባ ሕዝቡን ከፈጀ በኋላ፣ ሕመምተኛው እስኪመጣ ከመጠበቅ ወደ መንደሩ የሚወጣ ባለሙያ እንዲያሠለጥን ነው። ለወባ የወጣነውን ያህል፣ ወልዳ አሳድጋ ከመዝገባችን ለወጣችው እናትም ልንወጣ ይገባል። የሚቀጥለው ቡድን ወደ ደጋው ሲሰማራ መጠይቁ 49 ላይ የሚቆም ከሆነ ለምን እንደሚቆም ይጠየቅ።